አንድ መጎናጸፊያ ለሁለት ወንድማማቾች

አንትወርፕ፣ ሕሽቫን 20 (ኖቬምበር 5)

ለውድ የአጎቴ ልጅ ለሃዳሳ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የኢየሩሳሌም ጠባቂ አንቺንም ይጠብቅሽ። ልጅሽን፣ የልጅ ልጅሽን ኖጋን፣ ያን ክፉ ጉልበትሽንም ይማርልሽ። እኛ እዚህ ከነዝናባችን ደኅና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከበዓል በፊት የጻፍኩልሽ ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ ጉልበቷን አመማት አሉኝ እንጂ እጇን አመማት ያለኝ የለም።

አባቴ ግን ደኅና አይደሉም። የዳስ በዓል ባለቀ በሳምንቱ ሳንባቸው ውሃ ቋጠረ። ሐኪማቸው ገና ልጅ ነው፤ ነገሩን በቀጥታ መናገር ያፍራል። "ፀደይን ቢያዩ ጥሩ ነበር" ይለኛል። የሰማንያ ስምንት ዓመቱ ሽማግሌ ናቸው እሱን የሚያጽናኑት።

ባለፈው እሑድ ጠሩኝና "ጊትል፣ እንግዲህ መጎናጸፊያው ይምጣ" አሉኝ። የትኛው ብዬ አልጠየቅኩም። አባትሽ ሌይዘርና አባቴ ዜሊግ ከጦርነቱ በኋላ በስደተኞች ካምፕ ለሁለት አንድ የጸሎት መጎናጸፊያ እንደነበራቸው፣ አንዱ ለብሶ ሲጸልይ ሌላው በር ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ እንደነበር፣ አንቺም እኔም ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ወሬ ነው። ሲለያዩ አባትሽ ይዘውት ኢየሩሳሌም ገቡ። ቃላቸው ግን አንድ ነበር፦ ኋላ የሚሞተው ይቀበርበታል። አባትሽ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው፤ በቃላቸው መሠረት በሌላ ተቀበሩ። የቀሩት የእኔው ናቸው። በፖስታ አትላኪው፤ አምኜ የምልከው ሰው እፈልጋለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ የአባቴና የእናታቸው ስም ተጽፎበታል። ሰው ሁሉ ጸሎቱን በሚያኖርበት በቤተ መቅደሱ ግንብ ድንጋይ መሀል ክተቺልኝ። ስትሄጂ ግን ቀኑን ምረጪ። በጋዜጣ እንዳየሁት በየወሩ መባቻ እንደ ወንድ መጎናጸፊያ ለብሰው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚጸልዩ ሴቶች መጥተዋል አሉ። ፖሊስ ሲወስዳቸው ፎቶ ወጥቷል። አንዷ ከኋላዋ ስትታይ አረማመዷ አንቺን መሰለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ከእነሱ አጠገብ እንዳትቆሚ፤ የአባቴ ጸሎት ከእነሱ ጩኸት ጋር ተደባልቆ እንዲወጣ አልፈልግም።

በሰላም ቆዪልኝ፤ በቶሎ ጻፊልኝ።
ጊትል

ኢየሩሳሌም፣ ኪስሌቭ 4 (ኖቬምበር 18)

ለእህቴ ለጊትል፣

ሰላምና ጤና ለቤትሽ ይሁን፤ ለአጎቴ ዜሊግ ፈጣሪ ሙሉ ፈውስ ይላክላቸው። መታመማቸውን ካነበብኩ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ከወጥ ቤት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ወጥ ቤት እመላለሳለሁ። ኖጋ "አያቴ፣ ወለሉን አሳሳሽው" ትለኛለች።

ወረቀቱን ከትቼዋለሁ። በተራ ማክሰኞ፣ ብቻዬን፣ በሴቶች በኩል። ቦታው እንደምታውቂው ጠባብ ነው፤ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ነው የሚጸልየው። ግን ጥሩ ስንጥቅ አገኘሁ፣ በቁመቴ ልክ።

ስለ መጎናጸፊያው፦ በአራቱ ጫፍ ከሚቋጠሩት የክር ዘርፎች አንዱ ላልቶ ስለነበር ዘርፍ ለሚቋጥር ሰው ሰጥቼዋለሁ። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ደግሞ ቀርፋፋ ነው። እንደጨረሰ እጽፍልሻለሁ።

ኖጋ በአዳር ወር መባቻ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷት ለሕግ ትበቃለች። የኦሪት ንባቧን ከአሁኑ ይዛዋለች፤ ሰሃን ስታጥብ ሳይቀር ታዜመዋለች። ሌላ ወሬ የለኝም።

ሃዳሳ

አንትወርፕ፣ ኪስሌቭ 16 (ኖቬምበር 30)

ለሃዳሳ፣

የበዓሉ ብርሃን ለቤትሽ ይድረስ። ደብዳቤሽን ለአባቴ አነበብኩላቸው። ዘርፍ ቋጣሪው ጋ ስደርስ ከትራሳቸው ቀና አሉ። "እንዳይነካው በያት" አሉኝ። "ያን ዘርፍ የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ ካምፕ ውስጥ፣ ከጎዳና በለቀምነው ክር። ሌይዘር መቋጠር አይችልም ነበር፤ እጁ እንደ ድብ እጅ ነው። የላላው ይላላ።" ከዚያ ሳል ያዛቸው።

ስለዚህ ሂጂና ባለበት ሁኔታ ተቀበይው። ጎረቤታችን አቶ ፋይቭል ለሐኑካ በዓል ኢየሩሳሌም ይመጣሉ። ዲሴምበር አሥራ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ቤትሽ ይደርሳሉ። ሻይ ብቻ ስጫቸው፣ ስኳር ተከልክለዋል። መጎናጸፊያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ በእጃቸው አስረክቢ።

ዘርፍ ቋጣሪው ማን ይባላል? አባቴ ስሙን ጠይቀውኛል።

ጊትል

አንትወርፕ፣ ቴቬት 3 (ዲሴምበር 16)

ሃዳሳ፣

አቶ ፋይቭል ሁለት ቀን ተመላልሰው በርሽን አንኳኩ። ውስጥ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሬዲዮው ሲያንኳኩ ተዘጋ። ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ አባቴ ደግሞ ከመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሲጠብቋቸው ነበር።

ሸጠሽው ከሆነ ንገሪኝ። አይጥ በልቶት ከሆነም ንገሪኝ። በዝምታ ግን አላሳደጉንም።

ጊትል

ኢየሩሳሌም፣ ቴቬት 8 (ዲሴምበር 21)

እህቴ ጊትል፣

ሰላም ልልሽ አፍራለሁ፤ ቢሆንም ሰላም ለአንቺ፣ ጤና ለአጎቴ።

ዘርፍ ቋጣሪ የሚባል ሰው የለም። ሬዲዮውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በጋዜጣ ከኋላዋ ያየሻትም ሴት እኔ ነኝ፤ አረማመዴን በደንብ ታውቂዋለሽ።

ሦስት ዓመት ሆነኝ ከእነዚያ ሴቶች ጋር በየመባቻው ግንቡ ዘንድ መቆም ከጀመርኩ። ለአንቺ ያልጻፍኩት ምን እንደምትዪ ስለማውቅ ነው። በሕሽቫን መባቻ ማለዳ የአባቴን መጎናጸፊያ ከካፖርቴ ሥር እንደ አንገት ልብስ ጠምጥሜ ፍተሻውን አለፍኩ። ሴቶቹ መሀል ስደርስ አውጥቼ ለበስኩት። ቡራኬውን ሳልጨርስ አንዲት ፖሊስ ትከሻዬን ነካችኝ። በዕድሜ ልጄን ታክላለች።

"እማማ፣ ያውልቁት።"

"ለምን?"

"የቦታው ልማድ አይፈቅድም። ይህ የወንድ ነው።"

"የአባቴ ነው።"

"ታዲያ አባትዎ ይልበሱት።"

"ሞተዋል እኮ፣ ልጄ።"

ትንሽ ደነገጠች። ከዚያ ክንዴን ያዘችና በቀስታ፣ ጉልበቴን እያየች፣ ወደ ጣቢያ ወሰደችኝ። ደግ ልጅ ናት፤ የተናደድኩትም ለዚህ ነው፣ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ጣቢያ ውስጥ አለቃዋ ወረቀት አቀረበልኝ፦ መጎናጸፊያ ለብሼ የቦታውን ልማድ ጥሻለሁ፣ ለስልሳ ቀን ግንቡ ዘንድ አልደርስም የሚል። "ፈርሚና መጎናጸፊያሽን ይዘሽ ሂጂ" አለኝ። አልፈርምም አልኩት። ማታ ሳይሆን ለቀቁኝ፤ መጎናጸፊያው ግን ማስረጃ ነው ተብሎ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ቀረ። እስካሁን እዚያ ነው።

ልማድ ሲሉ የማን ልማድ እንደሆነ ልንገርሽ። ግንቡን መንግሥት ይዞታል፤ ምን ልማድ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስኑት እሱ ያስቀመጣቸው ረቢ ናቸው፤ ፖሊስ ያስፈጽማል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የነበረውን አይቻለሁ። ከስድሳ ሰባቱ ጦርነት በኋላ ግንቡ በተከፈተልን ሳምንት አባቴ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አጥር አልነበረም። ሰው ሁሉ ተደባልቆ ያለቅሳል። አባቴ ያንን መጎናጸፊያ አውጥተው በራሳቸውም በእኔም ላይ ጣሉት፤ ከሥሩ ሆነን ጸለይን። በወሩ ስንመለስ መሀል ለመሀል መለያ ቆሟል። አባቴ በአንድ በኩል ገቡ፣ እኔ በሌላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ጨርቅ ሥር ለመመለስ ስፈልግ ነው የኖርኩት። ሲሞቱ "የዜሊግ ነው፣ ሲጠይቅሽ ላኪለት" ብለውኛል። እስኪጠይቁ ድረስ ልበሰው ብዬ ነው። የተዋስኩትን የሰው ንብረት ነው ያስወሰድኩት።

አሁን ብፈርም ስልሳው ቀን የአዳርን መባቻ ይይዛል። ኖጋ ግንቡ ዘንድ ንባቧን ስታነብ ከጎኗ እቆማለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ባልፈርም ክሱ መቼ እንደሚያልቅ ጠበቃዬም አያውቅም፤ አጎቴም ፀደይን መጠበቅ አይችሉም። እግሬ አላርፍ ብሎኛል፣ ጊትል። በቀን ሦስት ጊዜ ጣቢያው በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።

ሃዳሳ

አንትወርፕ፣ ቴቬት 20 (ጃንዋሪ 2)

ሃዳሳ፣

ሳምንት ሙሉ ዝም ያልኩት ስድብ እንዳልጽፍ ነው። አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

የአባቴን መቀበሪያ ፖሊስ ጣቢያ አስቀመጥሽው። ቁጥር አስለጠፍሽበት። በዚህ ጨርቅ ሥር ሁለት ሰዎች ከሞት የተረፉበትን ምስጋና ጸልየዋል፤ አንቺ ለጋዜጣ ፎቶ ለበስሽው። ፎቶ አልፈለግኩም ትዪኛለሽ፤ እሺ፣ አልፈለግሽም። ግን ወጣ።

እናቶቻችን ግንቡን ሳያዩ ሞቱ፤ መጎናጸፊያም አልለበሱም፤ ጸሎታቸው አልደረሰም ነው የምትዪኝ? እኔ በምኩራባችን ሰገነት ላይ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ አርባ ዓመት ቆሜያለሁ። ማንም ገፍቶ አላስቆመኝም። የእኔ ቦታ እዚያ ነው። አንቺ እንዳታስተምሪኝ።

ለመቆም መብት አለኝ ብለሽ ትከራከሪያለሽ። አባቴስ ለመተኛት መብት የላቸውም?

ለእሳቸው ምንም፣ አቶ ፋይቭል ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን እንኳ፣ አልነገርኳቸውም። ጠዋት ጠዋት "ፋይቭል መጣ?" ይሉኛል። "ሊመጡ ነው" እላለሁ። እኔንም ውሸታም አደረግሽኝ።

ጊትል

ኢየሩሳሌም፣ ቴቬት 25 (ጃንዋሪ 7)

ለጊትል፣

ፈረምኩ።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ጠዋት ጣቢያው ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። አለቃው ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ "ልብ ገዛሽ?" አለኝ። "ልብ አልገዛሁም፣ ዘመድ ታሞብኝ ነው" አልኩት። አልገባውም። ከረጢቱን አወጡልኝ፤ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት። በፊታቸው ገልጬ ዘርፉን አንድ በአንድ ነካሁ። አራቱም አሉ።

ከሴቶቹ መሀል ቲርጻ የምትባል ወዳጄ አላናገረችኝም። በኋላ ደውላ "አንቺ ከፈረምሽ ነገ ሁላችንንም ያስፈርሙናል" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ለኖጋ መንገሩን ግን በጣም ፈራሁ። ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀምጣ "እና እኔ ብቻዬን?" አለችኝ። እናትሽ ትቆማለች አልኳት። "እናቴ ዜማውን አታውቅም" አለችና ምግቧን ሳትጨርስ ተነሣች።

በፖስታ አልላክሁትም። ፎቅ የምትኖረው ሐኪም ነገ ወደ ብራስልስ ትሄዳለች፤ ረቡዕ ቤታችሁ ታደርስላችኋለች። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። አላጠብኩትም። ለአጎቴ እውነቱን ንገሪያቸው ወይም አትንገሪያቸው፤ እሱን ለአንቺ እተወዋለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት ጊዜው ገና ይመስለኛል።

ሃዳሳ

አንትወርፕ፣ አዳር 5 (ፌብሩዋሪ 15)

ለእህቴ ለሃዳሳ፣

እውነተኛው ዳኛ የተባረከ ይሁን። አባቴ ሼቫት 26 ረቡዕ ጠዋት አረፉ። እንደ ልማዳችን ድንበር ተሻግረን ፑተ በሚባል መንደር ቀበርናቸው፤ በረዶ ነበር። የሐዘኑን ሰባት ቀን መሬት ተቀምጠን ትናንት ተነሣን። ወንበር ላይ ሆኜ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ይህ ነው።

መጎናጸፊያው በደረሰ ማግስት አለበስናቸው። አለበስኳቸው ማለት ይሻላል፤ ክንዳቸው አልነሣ ስላለ በየማለዳው እኔ ነበርኩ ከኋላ ሆኜ ጠርዙን ይዤ የምቆመው። ክንዴም ራሴም ከጨርቁ ሥር ይገባል፤ ሌላ መንገድ የለውም። በሕይወቴ የአባቴን መጎናጸፊያ ስተኩስና ሳጣጥፍ ኖሬያለሁ፤ ከውስጥ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ከውስጥ ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ ሃዳሳ። ይህን ስልሽ ወደ እናንተ ወገን ዞረች ብለሽ እንዳታወሪ። አልዞርኩም።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ጨርቁን አሸተቱና "ሌይዘር የእጅ ቅባት ይቀባ ነበር እንዴ?" አሉኝ። ደግመው አሸተቱ። "የሎሚ ሽታ አለው። ማን ነው የለበሰው?" ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግንቡን፣ ፖሊሷን፣ ከረጢቱን፣ የፈረምሽውን፣ ኖጋን። ይቆጣሉ ብዬ መድኃኒታቸውን ይዤ ተዘጋጅቼ ነበር። ረጅም ጊዜ ዘርፉን ሲያሻሹ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "ካምፕ ውስጥ ሌይዘር ጸሎት ያስረዝም ነበር። እኔ በር ላይ በብርድ እቆማለሁ። ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያቺ የሌይዘር ልጅ ተራዋ ደርሶ ነበር፤ ለእኔ ብላ ለቀቀች።" ቀጥለውም "ተራዋን በመውሰዴ ደግ አላደረግሁም፣ ግን ደስ ብሎኛል" አሉ። ሁለቱንም እንዳሉት ነው የጻፍኩልሽ።

ሲገንዟቸው ቀባሪዎቹ በልማዱ አንዱን ዘርፍ ቆረጡ። ሙት አይጸልይበትምና። የተቆረጠውን አብረው ሊቀብሩት ሲሉ በር ላይ ቆሜ "ለእኔ ስጡኝ" አልኳቸው። ሽማግሌው ቀባሪ "ለምንሽ ነው?" አለኝ። "ኢየሩሳሌም ሰው አለኝ" አልኩት።

እነሆ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ስልሳ ቀንሽ ሲያልቅ ግንቡ ውስጥ ክተቺው። በወንዶቹ በኩል ሰው ፈልገሽ እንዳትሰጪ። በራስሽ እጅ፣ በአንቺ በኩል። የፈረምሽው ወረቀት መጎናጸፊያ ይላል እንጂ ክር አይልም።

ኖጋ እንዴት ሆነች? አልጻፍሽልኝም።

ጊትል

ኢየሩሳሌም፣ አዳር 28 (ማርች 10)

እህቴ ጊትል፣

ፈጣሪ በጽዮን ሐዘንተኞች መሀል ያጽናናሽ፤ የአጎቴ ነፍስ በሕያዋን ማሰሪያ ትታሰር።

ኖጋ አነበበች። እኔ በላይኛው ደረጃ ላይ፣ አልፌ እንዳልሄድ ከተነገረኝ መስመር ወዲህ ቆሜ ነበር። የሚታየኝ የሰው ጭንቅላት ብቻ ነው፤ የሚሰማኝ የተቃዋሚዎች ጩኸት፣ ፉጨትም ነበረበት። ድምፅዋን አልሰማሁም። ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል። "ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ፣ ማንም አላወቀም" አለችኝ። "እኔ አጠገብሽ ብሆን አውቅ ነበር" አልኳት። "ለዚያ ነው እኮ ያስፈለግሽኝ" ብላ ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ተገቢዬ ነው።

ስልሳው ቀን ዓርብ አለቀ። ሰንበትን እንደ እስረኛ ቆጠርኩት። ዛሬ ማለዳ ከኖጋ ጋር ወረድን። ፍተሻው ላይ ጠባቂው ቦርሳዬን ገለበጠ፤ የመነጽር ቤቴን ከፈተና ዘርፉን በሁለት ጣቱ አነሣው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ክር ነው" አልኩት።

አገላብጦ አየው። ኖጋ እጄን ጨበጠችኝ። ጠባቂው ወደ አለቃው ዞር አለ፣ መልሶ ወደ እኔ፣ ከዚያ መነጽር ቤቱ ውስጥ መልሶ ዘጋውና "እለፉ" አለ።

በኖቬምበር የአጎቴን ስም የከተትኩበት ስንጥቅ በወረቀት ጢም ብሎ ሞልቷል። በጣቴ ብገፋ አልገባ አለኝ። አጠገቤ በጥቁር መሸፈኛ የተከናነቡ አሮጊት መዝሙር እያነበቡ ነበር፤ አንቺን የሚመስሉ፣ ጥብቅ። መጽሐፋቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"ምን ነው የምትጎሰጉሺው?"

"የአጎቴ ዘርፍ ነው። ከመቃብራቸው የተረፈ።"

"የወንድ ነው? ታዲያ ወደዚያ ማዶ አይሰጥም ነበር?"

"እዚህ ይሁን ብላለች ልጃቸው።"

ዘርፉን ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ የራሳቸውን ወረቀት ከስንጥቁ ጎተት አደረጉና "ግፊው፣ እኔ በኋላ እመልሳለሁ" አሉኝ። ኖጋ በትንሽ ጣቷ እስከ ውስጥ ገፋችው። አሮጊቷ ወረቀታቸውን በላዩ ከተቱበት፤ አሁን ከውጭ አይታይም።

ማክሰኞ መባቻ ነው። ትሄጃለሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ጫማዬ በር ላይ ነው። ቲርጻ ደውላለች፤ ለእኔም ለኖጋም መጎናጸፊያ የሚያውሱ ሰዎች አሉ ብላኛለች። ሊይዙን ይችላሉ። ቢይዙኝ በዚህ ጊዜ የሚጠብቀኝ የሰው ዕቃ የለም።

ያ መለያ ከቆመ ጀምሮ ወንድ በእኛ በኩል ቆሞ አያውቅም። አሁን ግን አጎቴ ዜሊግ ከሴቶቹ ጋር፣ ከአንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ወረቀት ሥር ናቸው። ይቆዩ፤ ተራ መጠበቅ ያውቁበታል።

እህትሽ
ሃዳሳ